ኳሷ ሰብስቴሽን ግቢ የገባች ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደጃፌ ላይ ወንበር አውጥቼ ፀሐይ እየሞቅሁ ነበር። የሰፈሩ ልጆች እንደ ልማዳቸው ከሰብስቴሽኑ አጥር ጎን ባለችው ጠባብ ሜዳ ኳስ ይጫወታሉ። ድንገት ጫጫታው ጸጥ አለ። ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን ያውቃል፤ ልጆች ሲጮኹ ምንም አይደለም፣ ድንገት ዝም ሲሉ ግን ተነስቶ ማየት ነው። ቀና ስል ኳሷ ከአጥሩ ማዶ ጠጠሩ ላይ ቁጭ ብላለች። ከልጆቹ ተለቅ ያለው አጥሩን ጨብጦ መውጣት ጀምሯል። ከታች ትከሻውን ሰጥቶ የሚደግፈው ደግሞ የራሴ የልጅ ልጅ ነው።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ጉልበቴን ማመም ከጀመረኝ ወዲህ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። ጥበቃውም ከወዲያ በኩል እየጮኸ መጣ። ልጁ ወረደ። እኔም "ይበላሃል! ስንት ጊዜ ነው የሚነገራችሁ!" ብዬ ተቆጣሁ። የዘጠኝ ዓመቱ ማሙሽ አንገቱን ደፍቶ ቆየና፣ "አባባ፣ ሽቦው እኮ በጣም ላይ ነው። ኳሷ ያለችው መሬት ላይ ነው። ሳንነካው እንዴት ይበላናል?" አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። እዚህ ሰፈር ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬአለሁ፤ ማታ ማታ የዚያን ግቢ ጉርምርምታ እየሰማሁ ነው የምተኛው። ልጆቼን "እዚያ እንዳትደርሱ" እያልኩ አሳደግሁ፤ አሁን ደግሞ ለልጅ ልጆቼ ያንኑ እደግማለሁ። ለምን እንደሆነ ግን ለአንዳቸውም አስረድቼ አላውቅም፤ እኔም አላውቀውምና። ዕድሜ ልኩን ሲያስተምር ለኖረ ሰው ይህ ያሳፍራል። ስለዚህ በማግሥቱ ማሙሽን ይዤ፣ በዚሁ ሥራ ብዙ ዓመት አገልግሎ ጡረታ ወደ ወጣ ጎረቤቴ ቤት ቡና ልጠጣ ሄድኩ። የነገረንን ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድኩ፤ እናንተም ዘንድ የሚጠይቅ ልጅ እንደማይጠፋ አውቃለሁና።

ከእህል በረንዳ እስከ ወፍጮ ቤት

"መምህር" አለኝ ጎረቤቴ፣ "ጤፍ ከጎጃም ተነስቶ ቤትህ የሚደርሰው እንዴት ነው?"

"በመኪና ነዋ።"

"በተሳቢ ተጭኖ እህል በረንዳ ይገባል። እዚያ ይራገፋል። ከዚያ በአነስተኛ መኪና ወደየሰፈሩ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፤ አንተ ከወፍጮ ቤቱ በኪሎ ትገዛለህ። ተሳቢው በቀጥታ ወደ አንተ ቤት ይምጣ ብትል ኪሎ ጤፍ ሳያደርስልህ አጥርህን ይዞልህ ይሄዳል።" ማሙሽ ሳቀ። "ሰብስቴሽን ማለት እህል በረንዳ ነው። በጅምላ የመጣውን ተቀብሎ፣ ለየሰፈሩ በሚመች መጠን አሳንሶ የሚያከፋፍል። በአማርኛ ማከፋፈያ ጣቢያ የሚባለውም ለዚሁ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ኃይሉ ከጉባ ተነስቶ በ500 ኪሎ ቮልት፣ ማለትም በአምስት መቶ ሺህ ቮልት መስመር፣ በዴዴሳ በኩል ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሆለታ ሰብስቴሽን ይደርሳል። እዚያ ወደ 400 ኪሎ ቮልት ዝቅ ይላል። ከደቡብ ደግሞ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የግልገል ጊቤ ሦስት ኃይል በወላይታ ሶዶ በኩል ይመጣል። እነዚህ ሁሉ ተያይዘው አንድ ትልቅ መረብ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ 230 እና 132 ኪሎ ቮልት የተሸከሙ መስመሮች ወደየከተማውና ወደየክፍለ ከተማው ይዘረጋሉ። እንደኛ ሰፈር ያለው ሰብስቴሽን 132 ኪሎ ቮልቱን ተቀብሎ ወደ 15 ኪሎ ቮልት ያወርደዋል፤ ረጅም ርቀት በሚሄዱት የገጠር መስመሮች ላይ ደግሞ 33 ኪሎ ቮልት የሚሆንበት ቦታ አለ። በመጨረሻ በየመንገዱ ዳር ምሰሶ ላይ የምናየው ትንሹ ትራንስፎርመር 15 ኪሎ ቮልቱን ወደ 220 ቮልት አውርዶ ቆጣሪያችን ድረስ ያመጣዋል። ያ ትንሹ ትራንስፎርመር ነው ወፍጮ ቤቱ።

"ታዲያ ከመጀመሪያው ለምን በ220 አይልኩትም?" አለ ማሙሽ። እኔም ይህንኑ ልጠይቅ ነበር።

ምክንያቱ ብክነት ነው። በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት በበዛ ቁጥር ሽቦው ይሞቃል፤ ሙቀቱ ደግሞ መንገድ ላይ የቀረ ኃይል ነው። ቮልቴጁን አሥር እጥፍ ብናሳድገው፣ ያንኑ ኃይል ለማድረስ የሚያስፈልገው ፍሰት ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፤ በሙቀት የሚባክነው ደግሞ ወደ አንድ መቶኛ ይወርዳል። በ220 ቮልት ከጉባ አዲስ አበባ ድረስ እንላከው ቢባል መንገድ ላይ አልቆ ይቀር ነበር። ከፍ አድርጎ ማጓጓዝ፣ ቀስ በቀስ አውርዶ ማከፋፈል የሚባለው የሥራው ምስጢር ይኸው ነው።

ሁላችንም በልማድ "መብራት ኃይል" እንላለን እንጂ ሥራው ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለት ድርጅቶች የተከፈለ ነው። ኃይል የማመንጨቱ፣ በትልልቅ መስመሮች የማስተላለፉና የሰብስቴሽኖቹ ሥራ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ከዚያ ተረክቦ እስከ ደጃፋችን የሚያደርሰውና ሒሳብ የሚሰበስበው ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ሰብስቴሽኑ የሁለቱ እጅ የሚገናኝበት በር ነው ማለት ይቻላል።

ግቢው ውስጥ ምን አለ?

ማታ የምንሰማው ጉርምርምታ የትራንስፎርመሩ ነው። በውስጡ እንደ ሞተር የሚሽከረከር ነገር የለም፤ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት የብረት እምብርት ነው ያለው። በአገራችን ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ በእያንዳንዱ ምልልስ ብረቱ ዓይን በማያየው መጠን ሁለት ጊዜ ስለሚሳሳብና ስለሚላቀቅ በሰከንድ 100 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ጉርምርምታው ይህ ነው። ይህ ሁሉ ዘይት በሞላበት በርሜል ውስጥ የተነከረ ሲሆን፣ ዘይቱ ሙቀቱን ያበርዳል፤ ኤሌክትሪኩም ወደማይፈለግበት እንዳይዘል ይከለክላል።

ሁለተኛው ብሬከሩ ነው። እኛ ቤት ባልቦላው የሚሠራውን ሥራ በትልቁ የሚሠራ ነው። መስመር ላይ ዛፍ ሲወድቅ ወይም ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ መስመሩን ይቆርጣል። ሦስተኛው መብረቅ ሲወርድ ወደ መሬት እንዲሄድ የሚያደርገው መሣሪያ ነው። በአንድ ክፍል ደግሞ በርካታ ባትሪዎች ተደርድረዋል። ኃይል ሲቋረጥ መቆጣጠሪያዎቹና ብሬከሮቹ የሚሠሩት በእነዚህ ነው፤ መብራት አከፋፋዩም ራሱ መብራት ሲጠፋ የሚደገፍበት ያስፈልገዋል። ተረኛ ሠራተኞችም ሌት ተቀን፣ በዓልም ቢሆን፣ ሰሌዳውን እየተመለከቱ ያድራሉ። ጎረቤቴ ልጆቹ ፋሲካን ከአባታቸው ጋር ያልፈሰኩባቸውን ዓመታት በጣቱ ቆጠረልን።

"ማዶ መብራት አለ፤ እኛ ለምን የለንም?"

ይህን ጥያቄ ያልጠየቀ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዓምና የበዓል ዋዜማ ባለቤቴ ዶሮዋን ጥዳ፣ እንጀራዋን ሳትጨርስ መብራት ሄደ። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ቤቶች ግን ቦግ ብለው ይታያሉ። "እነሱ የማን ልጅ ሆነው ነው?" አለች። እኔም የሆነ ሰው ሆን ብሎ ያጠፋብን መስሎኝ ስቆጣ አመሸሁ።

ከአንድ ሰብስቴሽን በርካታ መስመሮች ይወጣሉ፤ ሠራተኞቹ "ፊደር" ይሏቸዋል። እያንዳንዱ ፊደር የራሱ ብሬከር አለው። የኛ ወገን ከአንዱ ፊደር፣ ማዶ ያሉት ከሌላው ሊሆኑ ይችላሉ። የኛው ላይ ብልሽት ሲደርስ የኛው ብቻ ይቆረጣል፤ ሌላው ይቀጥላል። ይህ አድልዎ አይደለም፤ ጉዳቱ ወደ ሌላው እንዳይዛመት የተሠራ ጥበብ ነው። እንዲያ ባይሆን አንድ ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ በወደቀ ቁጥር ከተማው ሁሉ በጨለመ ነበር።

በበዓል ዋዜማ ደግሞ ዋናው ነገር ምጣዱ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል እንበል። 10 ዋት የሚወስድ ዘመናዊ አምፖል ብናስብ፣ አንድ ምጣድ ማለት 350 አምፖል በአንድ ጊዜ ማብራት ማለት ነው። ምሰሶ ላይ ያለው 315 ኪሎ ቮልት አምፔር የሆነ ትራንስፎርመር የሚችለው ምጣድ ብቻ ቢሆን 90 ያህል ነው፤ ምድጃው፣ ፍሪጁና ቴሌቪዥኑ ሳይቆጠሩ። በሰብስቴሽን ያለ 25 ሜጋ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር ደግሞ ሰባት ሺህ ምጣድ ገደማ ላይ ያበቃል። ብዙ ሰፈር የሚመግብ ከሆነ ሰባት ሺህ ምጣድ ምን አላት? በዓል በመጣ ቁጥር ፋብሪካዎች በዋዜማው ጭነት እንዲቀንሱ የሚነገረው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። መብራት የሚጠፋበት ምክንያት ሁልጊዜ አንድ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ወር በፈረቃ የኖርነው የግልገል ጊቤ ሦስት ውኃ በመቀነሱ፣ የሚመነጨው ኃይል ስላነሰ ነበር። ያ የምንጭ ችግር ነው። ዛሬ ግን ምንጩ ቢትረፈረፍም ሰብስቴሽኑና የሰፈሩ መስመር ካልቻለ ቤታችን አይደርስም። ጎተራው ሙሉ ሆኖ ወፍጮ ቤቱ ጠባብ ከሆነ ሰልፉ አይቀርም። ለዚህ ነው ግድብ ከተመረቀ በኋላም ገና የሰብስቴሽን ሥራ የሚቀረው። ትልቁ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ደግሞ ከሱቅ ገዝቶ የሚተካ ዕቃ አይደለም፤ ታዝዞ ይሠራል፣ በባሕር ተጭኖ ይመጣል፣ ከወደብ በልዩ ተሽከርካሪ በዝግታ ይጓዛል። ከማማዎች ላይ ብረት ፈትተው የሚሸጡ ሰዎች ሲያዩ ዝም የሚሉም ይህን ቢያውቁ ዝም የሚሉ አይመስለኝም።

"ሳንነካው እንዴት ይበላናል?"

ወደ ማሙሽ ጥያቄ ልመለስ። ጎረቤቴ ሲኒውን አስቀምጦ ልጁን ወደ ራሱ አዞረው።

"ስማኝ ልጄ። ቤታችሁ ያለውን ሶኬት ካልነካኸው አይነካህም። እዚያ ግቢ ያለው ግን ሌላ ነው። ከቤታችሁ ስድስት መቶ እጥፍ የሚሆን ቮልቴጅ ነው። በጣም ከቀረብከው አየሩን ሰንጥቆ ወደ አንተ ይዘላል። ሁሉም ነገር ደግሞ ላይ አይደለም፤ ዝቅ ብሎ የተተከለ ዕቃ አለ፣ ጠፍቷል ተብሎም ኃይል ይዞ የሚቆይ ዕቃ አለ። የትኛው እንደሆነ አንተ አታውቅም፤ እኔም ልብሴንና መሣሪያዬን ሳልይዝ፣ ፈቃድ ሳልቀበል አልገባም ነበር።"

"መሬቱስ?" አለ ማሙሽ።

"ብልሽት በደረሰባት ቅጽበት ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት ይገባል፤ ያን ጊዜ መሬቱም ኃይል ይይዛል። አንዱ እግርህ ባለበትና ሌላው እግርህ ባለበት መካከል ልዩነት ካለ በአንደኛው ገብቶ በሌላው ይወጣል። ያ ጠጠር ለጌጥ የፈሰሰ መሰለህ? ከመሬቱ ወደ እግር እንዳያልፍ የሚከላከል ነው። ለሠራተኛ እንኳ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቦታ ነው ኳስ ፍለጋ የምትገባበት።"

ዝም አልኩ። ከብዙ ዓመት በፊት ያስተማርኩት አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። በክረምት፣ ከዝናብ በኋላ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መንገድ ላይ የተዘረጋ ሽቦ አየ። የሞተ መስሎት አነሳው። ከሆስፒታል የወጣው ከብዙ ወራት በኋላ ነው፤ ቀኝ እጁን አጥቶ። በግራው መጻፍ የለመደው እኔ ክፍል ውስጥ ነው። ጎበዝ ሰው ሆኗል፤ ግን ያን ጊዜ ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረውም ነበር። እኔም አስተማሪው ሆኜ አልነገርኩትም።

በየቤታችን

ጎረቤቴ የመከረንን፣ ባለቤቴም የጨመረችበትን በአጭሩ ልንገራችሁ።

የወደቀ ሽቦ ሁሉ ኃይል እንዳለው ይቆጠር። ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ፤ ሌላ ሰውም እንዳይቀርብ ይከልከል። ቀርበን ከተገኘን በረጅሙ እየተራመድን ወይም እየሮጥን ሳይሆን፣ ሁለቱን እግር አጠጋግተን ከመሬት ሳናነሳ እየጎተትን ነው የምንርቀው። የተያዘ ሰው ቢኖር እንኳ በእጅ መጎተት ሁለተኛ ሰው መጨመር ነው። በነጻ የስልክ መስመር 905 ይደወላል።

ቤት የምታሠሩ ሰዎች፣ ረጅም ፌሮ ወይም የብረት መሰላል ከመስመሩ አጠገብ ቀጥ አድርጎ ማቆም የብዙ ሰው ሕይወት የሚጠፋበት ነው። የቀን ሠራተኛውም የአንድ ቤት ልጅ ነው፤ ቀድማችሁ ንገሩት።

መብራት ሲሄድ ምጣዱን፣ ምድጃውንና ፍሪጁን ከሶኬት ንቀሉ፤ አንድ አምፖል ብቻ ተዉ። ስንቶቻችን ነን "መጣ ብሎ ሄደ" እያልን የምንበሳጨው? መብራቱ ሲመለስ የሰፈሩ ምጣድና ፍሪጅ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ስለሚነሳ መስመሩ ከመደበኛው በላይ ይጫናል፤ ብሬከሩም መልሶ ይቆርጠዋል። አምፖሏ ከበራች በኋላ አምስት ደቂቃ ታግሶ፣ በየተራ መሰካት ለሰፈሩም ለፍሪጃችንም ይበጃል። የበዓል እንጀራ ደግሞ ሁሉም ሰው በሚጋግርበት ምሽት ከመጋገር በቀን ወይም ማለዳ ቢሆን ይመረጣል። ባለቤቴ ይህን ሰምታ፣ "ይህን የምትለኝ አንተ ልትጋግር ነው?" አለችኝ። እሱን ገና እየተነጋገርንበት ነው።

ቤታችሁ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካለ ፍሪጁን ደጋግማችሁ አትክፈቱት፤ እንደተዘጋ እስከ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ተከፍቶ በአገልግሎት ላይ ያለ ኢንሱሊን በአብዛኛው ከፀሐይና ከሙቀት ከተጠበቀ ለአራት ሳምንት ያህል ከፍሪጅ ውጭ ይቆያል፤ የእናንተው ዓይነት ምን ያህል እንደሚቆይ ግን ፋርማሲስቱን ጠይቁ። ውኃ የጠጣ የሸክላ ማሰሮ ጥላ ውስጥ ሆኖ ጥሩ ማቀዝቀዣ ነው። በረዶ ላይ ግን አታስቀምጡት፤ ከረጋ ተበላሸ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የኦክስጅን መሣሪያ የሚጠቀም ካለ ደግሞ መብራት ሳይሄድ በፊት ከሐኪሙ ጋር ስለ መጠባበቂያው ተነጋገሩ።

ኳሷስ? እሑድ ከጎረቤቴ ቤት ስንመለስ በአጥሩ ጎን አለፍን። አሁንም ጠጠሩ ላይ ተቀምጣለች። ማሙሽ ቆም ብሎ አያት፤ እኔም እጁን ሳልይዝ ጠበቅሁት። ጥበቃው ከበሩ ላይ ሆኖ፣ "እኔም ወደዚያ መግባት አልችልም፤ ተረኛው ለፍተሻ ሲገባ እንዲያወጣልህ ነግሬዋለሁ" አለው። ሰኞ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ኳሷ በሩ ላይ ጠበቀችው።

ያን ዕለት ማታ ልጆቹ ሜዳው ላይ ተሰብስበው ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። ኳሱን የሚመታበት አቅጣጫ ይቀየር የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ያቀረበው ማሙሽ ነው፤ ምክንያቱንም እያስረዳ ነበር፤ ስለ ጠጠሩ ጭምር። በማግሥቱ ጎሉን ወደ ሌላው ጫፍ አዛወሩት።

እኛ "ይበላሃል" እያልን ሠላሳ ዓመት ያቃተንን ነገር አንድ ሲኒ ቡና አስፈጸመው። ልጆቻችሁ "ለምን?" ሲሏችሁ መልሱን ካላወቃችሁት አብራችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።